የዓብዲሰላም ወንበር

ባሌ ሙሰዓብ ወሬ አይወድም። እኔ ደግሞ ካላወራሁ ያመኛል። ሀርጌሳ አብረን በኖርንባቸው ስምንት ዓመታት የሱንም ድርሻ የማወራው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ታሪኩን እኔ ብነግራችሁ አይቀየመኝም። ቢቀየመኝም አይናገርም።

የባቲ ልጅ ነው። በወጃሌ ድንበር በኩል ሲገባ ሐሳቡ በርበራ ወርዶ ባሕር መሻገር ነበር፤ እዚህ ባጃጅ አገኘና ቀረ። መጀመሪያ አጣቢ ሆነ፣ ቀጥሎ ተረኛ ሹፌር፣ ኋላ የራሱን ገዛ። እኔን ያገኘኝም በባጃጁ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮድቡር ሰፈር ላለ አንድ ትምህርት ቤት የሰፋሁትን ዩኒፎርም ጭኖልኝ ሲሄድ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አደረሰኝና ሂሳብ አልቀበልም አለ። ወሬ የማያበዛ ወንድ ብርቅ ነው ብዬ አገባሁት። የማያበዛ ሳይሆን ጭራሽ የማያወራ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

አባቱን የቀበራቸው በስልክ ነው። ወንድሙ ከባቲ ደውሎ ነገረው፤ እሱ ስልኩን ዘጋ፣ ዉዱእ አደረገ፣ ሰገደ፣ ባጃጁን አስነስቶ ሥራ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ያለቀስኩለት እኔ ነኝ። ሰውዬውን አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም እኮ!

የምንኖረው ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር ነው። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ በባጃጅ ሲሄዱበት አንጀት ይበጠሳል። በዚያ መንገድ ስምንት ዓመት ሲንገጫገጭ የሙሰዓብ ወገብ አለቀ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ እያሳየን፣ «ይሄ ዲስክ ከዚህ በላይ አይችልም፤ ባጃጅ ላይ ሌላ ዓመት ከተቀመጥክ እግርህን ማዘዝ ታቆማለህ» አለው። ሙሰዓብ «እሺ» ብሎ ተነሳ፣ ያንኑ ባጃጅ አስነስቶ ይዞኝ ወደ ቤት ሄደ። ኋላ ቁጭ ብዬ ጉድጓድ በመታን ቁጥር እግሩን አያለሁ።

ባጃጁን ሸጠን፣ እኔ ያለችኝን ጨምሬበት፣ ትንሽ መኪና ገዝተን ከአየር ማረፊያ ሰው እንዲያመላልስባት ተስማማን። ነዳጅ ቀማኛ ስለሆነ ሃይብሪድ መሆን ነበረባት፤ ማለትም ግማሹን በቤንዚን፣ ግማሹን በባትሪ የምትሄደው። ከጃፓን በዱባይ ዞረው የሚመጡ አሉ፤ መሪያቸው በቀኝ ነው። እየዞርን አየን። የሁሉም ቆጣሪ ሰማንያ ሺህ ኪሎሜትር ይላል። ወንበሩ ተቦጫጭቆ፣ የፍሬኑ ፔዳል ላይ ያለው ጎማ አልቆ፣ ቆጣሪው ሰማንያ ሺህ። መኪና ሁሉ ተማምሎ ሰማንያ ሺህ ላይ የቆመ ይመስላል። ዋጋቸው ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው።

ከዚያ አንድ ሰው ኮድቡር ውስጥ ያለች ነጭ ሃይብሪድ ጠቆመን። ዋጋዋ ከሌሎቹ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቆጣሪዋ ሁለት መቶ አርባ ሦስት ሺህ።

ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። ባለቤቱ ፂሙን በሂና ያቀላ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነው፤ አዴር ዱዓሌ ይባላል። አዴር እዚህ አገር አጎት ማለት ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ እንዲያ ይባላል። በሶማሊኛ ሰላም ተባባልን። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ግድግዳው ጥላ ላይ ቆማለች፣ ታጥባ። ሙሰዓብ ገብቶ የማስነሻ ቁልፏን ተጫነ። አንዲት ሴት ከውስጥ በጃፓንኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ከዚያ ጸጥ። ድምፅ የላትም። «አልነሳችም እንዴ?» አልኩ። ሙሰዓብ በእጁ ጠቆመኝ፤ ተነስታለች። ወደ ኋላ ስትመጣብኝ አልሰማኋትም፤ ተረከዜን ልትነካኝ ምንም አልቀራት።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኛ ሀበሾች እዚህ ገበያ ስንወጣ ጥበብ አለን። ሻጩ ፊት ቆመን በአማርኛ እንመካከራለን። ድምፃችንን እንኳ ዝቅ አናደርግም። ስንት እንደያዝን፣ እስከ ስንት እንደምንወጣ፣ ሻጩ ምን እንደሚመስል ሁሉ እናወራለን። አንድ ቲማቲም ሻጭ ፊት ቆሜ አፍንጫውን ሳማው ፈገግ እያለ አንድ ጨምሮልኛል። ሙሰዓብ አይወድልኝም። እኔ ግን ያለዚህ መግዛት አላውቅም።

«ፊትህን ቋጠር አድርግ» አልኩት። «ደስ እንዳለህ እንዳያይብህ።»

ሙሰዓብ የኋላውን ወንበር ከፍቶ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ አየ፤ አቧራው ተጠርጓል። ግቢው በር ድረስ ነድቷት ተመለሰ፤ የባትሪው ምልክት ቶሎ አልወረደም። አንድ መካኒክ ወዳጁ «እሱን እይ፣ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ከጎደለ ጥለህ ሂድ» ብሎት ነበር። ከዚያ ተደላድሎ ተቀመጠና ወገቡን ወደ ኋላ ጣለ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ከስንት ወር በኋላ።

«ወንበሩ ጎድጉዷል» አለኝ። «ግን ወገቤ ላይ ልክ ነው።»

አዴር ዱዓሌ ውኃ ይዘውልን መጡ። እኔ ብርጭቆውን ተቀብዬ፣ እሳቸው አጠገቤ ቆመው፣ ቀጠልኩ። «ሹፌሩ ምን ዓይነት ከብት ቢሆን ነው ስፖንጁን እንዲህ ያደረገው? ተኝቶባት ነው እንዴ የኖረው? ሽማግሌው ደግሞ የዋህ ነው፤ ቆጣሪውን እንኳ አላስነካም። ሰው ሞቶባት ካልሆነ በዚህ ዋጋ አትሸጥም፤ ግማሹን እንጥራለት።»

ሽማግሌው ትሪውን መሬት ላይ አኖሩት።

«ተኝቶባት ነው የኖረው» አሉ በአማርኛ። «ተኝቶባትም ሞተ። ልጄ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ወላሂ ብርጭቆው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ በጦርነቱ ጊዜ ወደኛ አገር ተሰዶ ነው የኖረው፤ ይህን የማያውቅ ሀበሻ የለም። ዋጋ ፊት ሲቆም ግን ሁላችንም እንረሳዋለን።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ» አልኩ።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው፤ አንቱ የሚባል ነገር የማያውቅ። «ገንደ ቆሬ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። እሱም እዚያ ነው የተወለደው። ዓብዲሰላም ይባላል። ባትናገሪም እነግርሽ ነበር። የዕቃውን ዓይብ፣ ጉድለቱን ደብቆ የሸጠ በረከት የለውም። ለመጣው ሁሉ እነግራለሁ፤ ሰምቶ ይሄዳል።»

ከዚያ ነገሩን። ሙሰዓብ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እኔ ቆሜ።

«ሐሙስ ነበር። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ መጣና ከበሩ ውጪ ጥላው ላይ አቆማት። ቤት ይሞቃል ብሎ እዚህ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ ኤሲውን ከፍቶ። የቀትሩን ዙህር ልሰግድ ስወጣ አየሁት። ወንበሩን አስተኝቶ፣ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ። ደክሞታል አልኩና አልቀሰቀስኩትም። ሰግጄ ስመለስም አየሁት። አጠገቡ ስደርስ ሞተሩ ተነሳ። እሱ ያስነሳው መሰለኝ። ነቅቷል ማለት ነው አልኩና ገብቼ ምሳዬን በላሁ።»

እጃቸውን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳረፉ። «ማንም አያስነሳትም። ባትሪዋ ሲጎድል ራሷ ትነሳለች፣ ሲሞላ ራሷ ትጠፋለች። እስከ ዓስር ሰላት ድረስ እየተነሳች እየጠፋች ልጄን አቀዘቀዘችልኝ።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አልኩ።

«ልቡ ነው አለኝ ሐኪሙ። መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ዙህር አካባቢ ይሆናል፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ አለኝ። ያቺን ‹ትንሽ ቆይቶ› የምትለዋን ነው የማልችላት። ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ። በእጄ መስኮቱን ብመታ ኖሮ፣ አንዱን ጊዜ ይነቃ ይሆን?»

በዚህ መሃል፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ሞተሩ ተነሳ። ሙሰዓብ ምንም አልነካም፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ሽማግሌው አልደነገጡም። ቆመው አዳመጡት፣ እስኪጠፋ ድረስ። ሙሰዓብ ወረደ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ገፋው፣ «አላህ ይዘንለት፣ አዴር» አለ። ወጣን።

ቤት ስንደርስ አፌን ፈታሁ። «በነጻ ቢሰጡንም አልቀመጥባትም» አልኩ። «ሬሳ የያዘች መኪና ናት፤ ግማሽ ቀን ሙሉ! ሌላ ሰው የጠላውን እኛ የምንወስድ ምን ስለሆንን ነው?» ሙሰዓብ ጫማውን ለማውለቅ ይታገላል። ጎንበስ ማለት አልቻለም። ተናድጄም ቢሆን አወለቅኩለት።

ሁለት ሳምንት ሌላ ፈለግን። ከሰማንያ ሺዎቹ አንዷን ልንገዛ ነበር፤ መካኒኩ ባትሪዋን ሲፈትሽ ዕድሜዋ ወራት ነው አለን። እኔም ሥራ አልገባልኝ አለ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ለቅቄ ክር ሳስገባ፣ በዚያች ጸጥታ መሃል ያ ሞተር ይነሳብኛል። ፎጣው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አስባለሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ግን አስባለሁ። ሽማግሌው ምሳቸውን ምን በልተው እንደሆነ ሳይቀር አስባለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሙሰዓብ ሥራ ሊወጣ ተነሳና ደጃፉ ላይ ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ። ግራ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ያየዋል።

«እግሬ የለችም፣ ሰብሪና» አለኝ።

ያን ቀን ጎትቼ አስገባሁት። እግሩ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ባጃጁ ግን ተመልሶ እንደማይታሰብ ሁለታችንም አወቅን። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አዴር፣ መኪናዋ አለች?»

«የት ትሄዳለች?» አሉኝ።

ባጃጁን ሸጠን ገዛናት። ከጠሩት ዋጋ ላይ ሰባራ ሳንቲም አልቀነስኩም፤ አፌም አልታዘዘኝ። ቁልፉን ሲያስረክቡ በሻሻቸው መስኮቷን ጠረጉ፣ የሹፌሩን በኩል። ልክ ከግቢው ስትወጣ ዞር ብዬ አየኋቸው። በሩ ላይ ቆመዋል። ድምፅ ስለሌላት መሄዷን ያመኑ አይመስሉም።

ለወገቡ ፈውስ ሆነችለት፤ አልክድም። ለኔ ግን መከራ ነች። የምቀመጠው ከኋላ ነው። ሞተሩ በራሱ በተነሳ ቁጥር አያተል ኩርሲ የምትባለውን የጥበቃ አንቀጽ ከቁርኣን እቀራለሁ፤ ከሼክ ኑር ገበያ ድረስ ስንት ጊዜ እንደምቀራ አትጠይቁኝ። ያች ጃፓን ሴትዮ ጠዋት ጠዋት የምትለውን የሚተረጉምልኝ ሰው ሀርጌሳ ውስጥ አጣሁ። ለዓብዲሰላምም ይህንኑ ትለው ነበር፤ በመጨረሻው ቀንም ብላዋለች። ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ አላውቅም።

ወንበሩን አልቻልኩትም። ጎድጓዳው የአንድ ሰው ትከሻና ወገብ ነው፤ እጄን ስሰድድበት የት ጋ እንደሚከብድ ይታወቃል። አዲስ ስፖንጅ ሞልቼ፣ ጥሩ ጨርቅ መርጬ፣ ልብስ ሰፋሁለት። በሁለተኛው ቀን ሙሰዓብ ጎብጦ መጣ። ምንም ሳይለኝ ስፖንጁን አወጣና ልብሱን ብቻ መልሶ አለበሰው። በማግስቱ ቀጥ ብሎ ሄደ። የሞተ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው ባሌ ቀና ብሎ የሚሄደው። ቤት ውስጥ ጋደም ሲል እጄን አፍንጫው ስር አደርጋለሁ። «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ዝንብ ነው» እላለሁ።

ወር ሳይሞላ ምሳ ማርፈድ ጀመረ። በየቀኑ። «ተሳፋሪ ነበረ» ይለኛል። ዓርብም ተሳፋሪ፣ ቅዳሜም ተሳፋሪ። አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ውሸት ያልለመደ አፉ ተንተባተበ። አሃ፣ አልኩ። ወገቡ ዳነለትና ሁለተኛ ሚስት አማረው! ጎረቤቴ ሂንዳ ደግሞ መኪናዋን ኮድቡር ቆማ አየኋት አለችኝ፤ ሁለት ጊዜ፣ እዚያው ቦታ። ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ።

ከዙህር በፊት ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። የምናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ፤ ለሴትዮዋ ለብቻው፣ ለሱ ለብቻው።

መኪናዋ የቆመችው አዴር ዱዓሌ በር ፊት ነው። ውጪ፣ ጥላው ላይ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሱቅ አለች፤ በሯ ላይ ቆምኩ። መስኮቱ በፀሐይ ወረቀት ቢጠቁርም ሰው ይታያል። ወንበሩን አስተኝቶ ተጋድሟል። ሮጬ ልሄድ ስል እጁን አንስቶ ሰዓቱን አየ፤ ባለሁበት ቆምኩ። የዙህር አዛን ተሰማ። የግቢው በር ሲጥ ሲል ባሌ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ሽማግሌው ወጡ። መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና በቀኝ እጃቸው ጣት መስኮቱን መቱ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ አድርገው። ሙሰዓብ ፎጣውን አነሳ። መስኮቱ ወረደ። ምን እንደተባባሉ ከዚያ አልሰማሁም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስጊዱ ሄዱ።

አሁን ወደኔ በኩል ነድቶ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሲመጣ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ እሰድበዋለሁ፣ ወይም አለቅሳለሁ፤ አልወሰንኩም። አልመጣም። መስኮቱን ዘጋ፣ ወንበሩን መልሶ አስተኛ፣ ፎጣውን ጣለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔም መንገዱን ተሻግሬ ከግቢያቸው ግንብ ጥግ ደረስኩና እዚያው ቀረሁ። ሞተሩ ተነሳ። ጠፋ። ቁርኣኑ እንኳ አልመጣልኝም።

ሰላቱ አልቆ ሰው ሲበተን ሽማግሌው ተመለሱ። ፈጥነው ነው የመጡት፣ ከዘራቸው መሬት ሳይነካ። ልጃቸውን ያለፉበት ሁለተኛው ጊዜ ነው። ያኔ ገባኝ። መስኮቱን መቱ፤ አሁን በጣት ሳይሆን በመዳፍ፣ ደጋግመው።

«ዓብዲሰላም!» አሉ በሶማሊኛ። «ተነስ፣ ልጄ። ተነስ።»

ልጮህ ነበር። የኔ ባል ነው፣ ስሙ ሙሰዓብ ነው፣ አትጥሩብኝ ልል ነበር። ፎጣው ከፊቱ ላይ ወረደ። ሙሰዓብ ቀና ብሎ ተቀመጠና መስኮቱን አወረደ።

«አቤት፣ አባ» አለ። «ነቃሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ጉንጩን ዳሰሱት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ግባና ምሳ እንብላ።»

ተያይዘው ገቡ። እኔ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ሼክ ኑር ተመለስኩ። ሙሰዓብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ምሳውን አቀረብኩለት፤ እንዳልበላ ሰው ሁለተኛውን ምሳ በላ፣ እስከ መጨረሻው። «ተሳፋሪ ነበረ» አለኝ።

«ነገም አላህ ይስጥህ» አልኩት።